ሥጋ የመሰለው ልጓም

«ሥጋ ነው አልኩህ! ዓይን የለህም? ቀለሙ አይታይህም?»

«እማ፣ ሥጋ አይደለም። ፕላስቲክ ነው። ዶክተሩ ዱቄት በጥብጦ ሲሠራው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ዱቄቱስ ከምን ተፈጨ? ከአጥንት ይሁን ከቆዳ አንተ በምን ታውቃለህ? የፈረንጅ ዱቄት!»

«ሥጋ ቢሆን እስካሁን አይሸትም ነበር?»

«ቋንጣስ ይሸታል?»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ያንን ሮዝ ነገር የሞተ አይጥ የያዘች ይመስል በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ ቆማለች። እህቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። የፍልሰታ ጾም የገባበት ጠዋት ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣራችንን ይቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ ከጩኸታችን ግማሹ ከንዴት፣ ግማሹ ለመሰማማት ነበር።

«እሮብና ዓርብ ስታደርገው ምንም አላልሽም እኮ።»

«እሮብና ዓርብን ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት። ፍልሰታ ግን የልጆች ጾም ነው። የጎረቤቱ ሕፃን ሁሉ ውኃ ሳይቀምስ ቆርቦ ሲመለስ፣ የእኔ ልጅ ሥጋ ጎርሳ ቅዳሴ ትቁም?»

«አልጎረስኩትም፣» አለች እህቴ ከመዳፏ ሥር። «አልተዋጠም እኮ!»

«አንች ዝም በይ! አፍሽን ያስለመደሽ ይኸ ነው።»

እናቴ ያንን ነገር በእራፊ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው፤ ቆለፈችና ቁልፉን ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችው። «ጾሙ ሲፈታ ትወስደዋለች» ብላ ዣንጥላዋን አንስታ ወደ ገበያ ሄደች። ከማዶ፣ ከሱዳን የሚመጣ ጨርቅ ነበር የምትነግደው። ዝናብ ሆነ ሐሩር፣ የገበያ ቀን አያልፋትም።

ጾሙ እስኪፈታ መጠበቅ ለእናቴ ቀላል ነበር። ለእህቴ ግን የፊት ጥርሶቿን ሊያሳጣት ይችል ነበር። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እህቴ ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ወደ ፊት ወጥተው ከንፈሮቿ አይገጥሙም። ተኝታም ነቅታም አፏ ክፍት ነው። መተማ ዮሐንስ ደግሞ አፍ ተከፍቶ የሚኖርበት አገር አይደለም፤ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ትንኙ አያስቀምጥም። የሰፈር ልጆች «ገጣጣ! ዝንብ ገባልሽ!» ይሏታል። ከዚያ ወዲህ ግራ እጇ ከአፏ አልወርድ አለ። ትምህርት ቤት በቀኝ እጇ ትጽፋለች፣ በግራዋ አፏን ትሸፍናለች። ስትስቅ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር የምትስቀው። ከንፈሯን በግድ ለመግጠም ስትሞክር አገጯ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይኮማተራል፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይከፈታል።

እናቴ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል ባይ ነበረች። ሰሊጥ ታጭዶ፣ የቀን ሠራተኛው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባና ከተማው ሲሞላ፣ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከገላባት ወዲህ የሚሻገር አንድ ጥርስ ነቃይ አለ። ሲፈቀድ በግልጽ፣ ሲከለከል በጎርፉ መሄጃ በኩል በሥውር ይመጣል። ይነቅላል፤ በነቀለበት ወርቅ ይተክላል። የእናቴን የወርቅ ጥርስ የተከለው እሱ ነው። ገበያ ላይ ስትከራከር ያ ጥርስ ብልጭ ሲል ደንበኛው ዋጋ እንደሚረሳ ታምን ነበር፤ እውነቷንም ሳይሆን አይቀርም። ለእህቴም ያሰበችው ይኸንኑ ነው። የወጡት የላይኛዎቹ ይነቀላሉ፣ ወርቅ ይገባል። «ወርቅ ያለበትን አፍ ማን ገጣጣ ይላል?» ትላለች። ለሰውየውም ባለፈው አጨዳ ቃል ገብታለታለች፤ በሚቀጥለው ሲመጣ ሊነቅል።

እህቴ አትፈልግም ነበር። ግን ያለመፈለጓን የምትናገረው ለእኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ማታ ማታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

እኔ ያኔ በመንግሥት የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ተቀጥሬ ጆንያ እመዝናለሁ። ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ግጥም ግን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተምሬ እጽፋለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሥራ ሲያልቅ እስከ ድንበሩ ሄጄ መኪኖቹን አያለሁ፣ ሰው አያለሁ፣ ወደ ጎንደር የሚወጣውን የጭነት መኪና ሁሉ ብሳፈርበት እላለሁ። ቀበሌ ለበዓል ግጥም አምጣ ይለኛል፤ ሳመጣ «አብዮት የሚል የለበትም» ተብሎ ይመለስልኛል፤ አስገብቼ እመልሳለሁ። ዓይኔ ስለታም ነው ብዬ እመካ ነበር። ሰውን በአረማመዱ፣ ነጋዴን በአነጋገሩ እለያለሁ እል ነበር።

በዚያ ዓመት ጤና ጣቢያችን አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ተመደበ። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሐሩሩ ያልተስማማው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ጀርባው ላይ የተጣበቀ። የሚሠራው የወታደር ጥርስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያበጠ ጉንጭ። እህቴን ይዤ የሄድኩት አስነቅሉ ወይም አታስነቅሉ እንዲለን ነበር።

ወንበሩ ላይ በጎን አስቀመጣትና ወደ እኔ ዞረ። «ገጣሚ ነህ አሉኝ። በል፣ ምን ይታይሃል?»

«የወጡ ጥርሶች።»

«ተሳስተሃል። ጥርሶቿ ያን ያህል አልወጡም። ወደ ኋላ የቀረው አገጯ ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «አንቺ ቆንጆ፣ የታችኛውን መንጋጋሽን ወደ ፊት ሳቢው እስኪ። እንደሱ። ትንሽ ጨምሪ። አሁን ከንፈርሽን ግጠሚ።»

ገጠመችው። ለአፍታ ብቻ ነበር፤ ግን የማላውቃት ልጅ በጎን አየሁ። ከንፈሯ የተዘጋ፣ አገጯ ልክ፣ በአባት በኩል ያለችውን አያታችንን ትመስላለች። እህቴ የእኔን ፊት አይታ ነው መሰለኝ መስታወት ጠየቀች።

እኛ ሁላችን ለዓመታት ያየነው የወጣውን ነበር። የቀረውን ያየ አልነበረም።

ዶክተሩ ከጠረጴዛው ሥር የጫማ ካርቶን አወጣ። ውስጡ ተማሪ ሳለ የሠራቸው የጄሶ መንጋጋዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር ነክሰዋል። እህቴና እኔ እንደ ሱቅ ዕቃ እያገላበጥን አየናቸው።

አንደኛው ድፍን ነበር፤ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ አንድ ላይ የሚያቅፍ ወጥ ነገር። ጥርስ ላይ አይታሰርም። ልል ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ እንዳይወድቅ የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት መጥቶ ይይዘዋል፤ የመሣሪያው ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ሌላው የዚሁ ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ ቀጠን ያለ፣ መሐሉ ለምላስ የተተወ፣ ላንቃው ላይ የታጠፈ ሽቦ ያለው። እሱን ያደረገ ሰው እንደ ልቡ ያወራል አለን። ሦስተኛውን እህቴ «ሸረሪት!» አለችው። በሽቦ የተያያዙ ትንንሽ ጋሻዎች ናቸው፤ ከጥርስ ውጭ፣ በጉንጭና በድድ መካከል ይገባሉ፤ ጉንጭና ከንፈር እንዳይጫኑ ከልክለው ለአጥንቱ ማደጊያ ቦታ ያበጃሉ። ሁለት ቁራጭ ሆኖ አንዱ ላይ አንዱ ታች የሚደረግ፣ ሰው አፉን ሲገጥም አንዱ በሌላው ዘቅዛቃ ጎን ላይ እየተንሸራተተ መንጋጋውን ወደ ፊት የሚያመጣ ዓይነትም እንዳለ ሰምቻለሁ አለ፤ እሱ ግን አልሠራም። አገጩ ከልክ በላይ ለቀደመ ሰው ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ አለ።

«ይጎትታሉ?» አልኩት።

«አይጎትቱም፣ አይገፉም። መንጋጋዋ ወደ ኋላ መቅረት እንዳይመቸው ያደርጋሉ እንጂ። የሚሠራው የራሷ ጡንቻ ነው፤ የራሷ እድገት ነው። ልጅ እያለች ከሆነ ይሠራል። እድገቷ ካለፈ ግን ይኸ ሁሉ ጌጥ ነው።»

ሁሉም ነገር በትእዛዝና በዘመቻ በሚገፋበት በዚያ ዘመን፣ ሳይገፋ የሚመራ ነገር በካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ማየቴ ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣም። ግጥም ልጽፍበት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ለእህቴ የመረጠላት ድፍኑን ነው። ሸረሪቱ ብዙ ሽቦና ደኅና መሥሪያ ክፍል ይፈልጋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ቢሰበር የሚጠገንበት የለም። ድፍኑ ግን ጠንካራ ነው። ለአንድ የሚበቃ ዱቄት ነበረው። «ቀለም የሌለው አልቆብኛል፤ የቀረኝ ለሽማግሌ ሰው ሰራሽ ድድ የምንሠራበት ነው» አለ። ማናችንም ቀለሙ ነገር ያመጣል ብለን አላሰብንም። የሞቀ ሰም አስነክሷት፣ መንጋጋዋን ወደ ፊት አስወጥቶ ልኩን ወሰደ። በሌላ ቀን ስንመለስ ያ ሮዝ ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀን፤ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልክ ትናንት እንደተቆረጠ ሥጋ።

እናቴን ለማሳመን የፈጀብኝን ጉልበት ጆንያ ብሸከምበት መጋዘን ይሞላል። በመጨረሻ ተማማልን። «እስከ ሰሊጥ አጨዳ፣» አለች። «ሰውየው ሲመጣ ከንፈሯ ካልገጠመ ይነቅላል፤ አንተም አንዲት ቃል አትወጣህም።» እሺ አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ጀመረች። ጎረቤት ወዲያው ስም አወጣለት፤ ልጓም። መጀመሪያ ላይ ምራቋ ትራሷን ያርሰው ነበር፤ ስትናገርም ትኩስ ሽሮ የጎረሰች ትመስላለች። ዶክተሩ አድርጋው ጮክ ብላ ታንብብ፣ ምላሷ ይለምዳል አለ። እኔም ይኸው ሥራ ተገኘ ብዬ በ«ሰ»ና በ«ሸ» የተሞላ ግጥም ጻፍኩላት፦

ሰኔ ሰማይ ሲሰነጠቅ፣ ሸለቆው ሲሸሽ ሲሳሳቅ፣
ሰሊጥ ሽቅብ ሲሰለፍ፣ ሳር ሲሰጋ ሲሳቀቅ።

አንዴ አነበበችው፤ ምራቋ ደረቷ ላይ ወረደ። አፏን ጠርጋ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኸ ግጥም ነው ወይስ ቅጣት?»

ግን አነበበችው። ሰኔ ላይ በደንብ ትናገር ነበር። ሐምሌ ላይ ልጓሙን ስታወጣው ከንፈሮቿ ሊነካኩ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ፍልሰታ የገባው በዚህ መሐል ነው።

ያን ጠዋት እናቴ ሳጥኑን ቆልፋ እንደሄደች እየሮጥኩ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ጭቃው የሚያጣብቅ ጥቁር መረሬ ነው፤ አንድ ጫማዬን መንገድ ላይ ውጦ አስቀረው። ዶክተሩ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን አቆመ።

«ጾሙ እስኪፈታ ከአፏ ከወጣ መንጋጋዋ ወደ ለመደው ይመለሳል። ያኔ ይኸ መሣሪያ ላይገጥማት ይችላል። ሌላ የምሠራበት ዱቄት የለኝም፤ ቢመጣ እንኳ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።»

«ሰሊጥ አጨዳ ጥርሷ ይነቀላላ።»

«እናትህን አስረዳቸው እንጂ!»

«እርስዎ እናቴን አያውቋትም።»

ማታ ዶክተሩ ያለኝን ለእናቴ ነገርኳት። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ልጇ እንድትሳቅበት አትፈልግም፣ ልጇ ኃጢአት እንድትገባም አትፈልግም። ሁለቱ ሲጋጩባት ሁለተኛውን መረጠች፤ ይኸው ነው። «የንስሐ አባታችን ይሁን ካሉ ይሁን፣» አለች በመጨረሻ። «ከሳቸው በታች የማንንም አልሰማም። የዶክተሩንም።»

የንስሐ አባታችን ከደጋ፣ ከደንብያ ወርደው የሰፈሩ፣ በሳምንት ግማሽ ቀዳሽ በግማሹ ገበሬ የሆኑ ሰው ናቸው። ቅዳሴ ሲወጣ ጠብቀን ቤታችን ድረስ ይዘናቸው መጣን። እናቴ ሳጥኑን ከፍታ እራፊውን ፈታችና አሳየቻቸው። አልነኩትም። ጎንበስ ብለው በግራም በቀኝም አዩት፤ አሸተቱት።

«መልኩ የሥጋ ነው፣» አሉ።

«አላልኩም!» አለች እናቴ።

«ቆይ እንጂ ልጄ። መልክ ብቻውን አያስኮንንም። ሥጋ ከሆነ አይቻልም። ሥጋ ካልሆነና ካልተዋጠ ደግሞ ጾም አያፈርስም። ግን እኔ ሥጋ መሆን አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? የሠራው ሰው ይምጣና ፊታችን ይሥራው።»

ይኸንን ለዶክተሩ ሳደርስለት ፊቱ ቀላ። «እኔ ቄስ ፊት ፈተና ልቀመጥ? ይኸን የሰማ ካድሬ ምን ይለኛል? ዶክተሩ በመርፌ ፋንታ ጠበል ጀመረ ነው የሚሉኝ!»

«ማን ይነግራቸዋል?»

«አንተ! ግጥም አድርገህ ትጽፈዋለህ።»

«አልጽፍም።»

«ቃል?»

«ቃል።» ይኸው እስከ ዛሬ ግጥም አላደረግኩትም።

ያም ሆኖ እምቢ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ የዝናብ ልብሱን እስከ ጆሮው ቆልፎ፣ ከሥሩ ትንሽ ቦርሳ ደብቆ በራችን ላይ ቆመ። «ለልጅቷ ነው፣» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ቤታችን ጠባብ ናት። የንስሐ አባታችን በርጩማው ላይ፣ እናቴ ሳጥኗ ላይ፣ እህቴ መደቡ ጥግ ላይ፤ እኔና ዶክተሩ መሬት ላይ ተንበረከክን። የመጨረሻዋን የዱቄት ርጋፊ ከጠርሙሱ ሥር አንኳኩቶ ስኒ ላይ አወጣት። ለጥገና ያስቀመጣት ነበረች። ከሌላ ጠርሙስ ፈሳሽ ጠብ አደረገባት።

ሽታው ቤቱን ሞላው። አባታችን ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣሉ። እናቴ አሳላት። «ይኸ ነው ልጄ አፍ ውስጥ የገባው? ናፍጣ ነው እኮ!»

«ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፣ እናቴ፣» አለ ዶክተሩ። «አሁን ይመልከቱ። ዱቄት ነው፤ ፈሳሽ ነው፤ ሌላ ነገር አለ? የታረደ ነገር አለ?»

«የለም፣» አሉ አባታችን።

እንደ ሊጥ ሲሆን በጣቶቹ አድቦልቡሎ የአዝራር ያህል ትንሽ ኳስ አደረገና እናቴ መዳፍ ላይ አኖራት። «ይያዙት። ራስዎ ይዩት።»

ይኸን ማድረግ አልነበረበትም። ያ ነገር ሲጠነክር ይሞቃል፤ እሱ ይኸንን ያውቃል፣ በየቀኑ ስለሚያየው ግን ረስቶታል። እናቴ መዳፏን አጥፋ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሞቀ!»

«እናቴ፣ እሱማ...»

«ሞቀ እኮ! ነፍስ ዘራ! አባ፣ ሕይወት አለው!» ኳሷን ወርውራ ተነሣች። ኳሷ መደቡ ላይ ነጥራ እህቴ እግር ሥር ወደቀች። አባታችን አማተቡ። ያን ሁሉ ጀርመን የተማረ ዶክተር ኳሷን ፍለጋ በጉልበቱ ዳኸ።

እህቴ ጎንበስ ብላ አነሣቻት። እጇ ላይ አገላበጠቻት። «በረደች፣» አለች ቀስ ብላ። «እማ፣ ጠነከረች። አሁን እኮ ድንጋይ ናት።»

እናቴ ተቀብላት አየቻት። በጥርሷ ልትነክሳት አሰበችና ጾሙ ትዝ ሲላት ተወችው። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ስታገላብጥ የማየው ፊት መጣ። ጨርቅ ስትገዛ ነጋዴው ጥጥ ነው ቢላት አታምንም፤ ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዛ በክብሪት ታቃጥላለች። ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ከሆነ ተኮማትሮ ጥቁር ፍሬ ይቋጥራል፣ ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። በዚህ ያልተታለለች ነጋዴ እሷ ብቻ ናት ይባል ነበር።

ወደ ምድጃው ሄደች፤ ፍሙን በመቆስቆሻ ገለጠችና ኳሷን ጣለችበት።

«ዱቄቴን!» አለ ዶክተሩ።

ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ኳሷ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ጠርዟ ለሰለሰ፣ ፈላ፣ ተንጣጣ፤ ጥቁር ጭስ አወጣችና በትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ተያያዘች። እናቴ ጎንበስ ብላ በረጅሙ አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ አሸተተች።

«ሥጋ እንዲህ አይሸትም፣» አለች። «ፀጉርም አይደለም። ስብም የለውም።» ቀና ብላ አባታችንን አየቻቸው። «አባ፣ ይኸ የናይለን ዘመድ ነው።»

«ናይለን ምንድነው?» አሉ።

«ቀሚስ ነዋ! ይኸ የለበስኩት።»

አባታችን የእናቴን ቀሚስ አዩ፤ ፍሙን አዩ። «በጾም ትለብሽዋለሽ?»

«ቤተ ክርስቲያንም ለብሼው ገብቼ አውቃለሁ።»

«እንግዲያማ ልጄ፣ ቀሚስ ለብሰሽ ካስቀደስሽ፣ ልጅሽም ቀሚስ ነክሳ ብትጾም ምን ትሆናለች?»

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። ፊቷን ሳታዞር ነበር። ከዚያ ዶክተሩ ሳቀ፤ ተንበርክኮ እንዳለ፣ የባዶውን ጠርሙስ ክዳን እንደያዘ፣ ዕንባው እስኪወርድ። አባታችን እየሳቁ ሥርዐቱን ደነገጉ፦ በምትቆርብበት ቀን አፏ ባዶ ይሁን፤ ቆርባ፣ ጠበል ጠጥታ፣ ቁርስ በልታ ካበቃች በኋላ ታድርገው። በቀረው ቀን ግን ከአፏ አይውጣ። እናቴ ከማተቧ ላይ ቁልፉን ፈታች።

አሁንም ግን ትንፋሼን እንደያዝኩ ነበርኩ። ልጓሙ ከአፏ ወጥቶ ሁለት ሌሊት አድሯል። ዶክተሩ በውኃ አጥቦ ሰጣት። እህቴ አስገባችው፤ ፊቷ ተኮማተረ፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አላመጠችው። ከዚያ መንጋጋዋ ወደ ፊት መጣና «ቀጭ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ዶክተሩ ከንፈሯን ገልጦ አየ።

«ገብቷል፣» አለ። «ልክ ገብቷል።»

ያን ማታ በጭቃው ውስጥ ያለ ጫማ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሸኘሁት። ዝናቡ አባርቷል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ የተራመድኩበት ምሽት ብዙ የለም።

እህቴ ፍልሰታን ጾመች፤ በጉባኤው ፊት ስትቆርብ አፏን በእጇ አልሸፈነችም። አዲስ ዓመት ገባ፤ መስቀል አለፈ። ሰሊጡ ቢጫ ሆነ፤ ከየደጋው አጫጅ በመኪና ተጭኖ ይወርድ ጀመር፤ እኔም ሚዛኑ ላይ ቀና ለማለት ጊዜ አጣሁ። በዚህ መሐል አንድ ቀን ለምሳ ስገባ ጥርስ ነቃዩን ቤታችን አገኘሁት። ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

«ያ ኡሚ፣» ይላታል እናቴን፣ እናቴ ሆይ እንደ ማለት፤ «ቃልሽ ቃል ነው ብዬ መጣሁ። ልጅቷ የታለች?»

እናቴ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። እህቴን ወደ ብርሃኑ አቀረበቻት። ምሳ ልትበላ ስለነበር ልጓሙን አውጥታ ኩባያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እናቴ አገጯን በጣቷ ቀና አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ጥርሶቿ አሁንም ትንሽ ወጣ ይላሉ፤ ዶክተሩ ገና ብዙ ይቀራታል ብሏል። አንዲት ቃል አይወጣኝም ብዬ ስለማልኩ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። እህቴ እኔን አላየችም። ሰውየውን ነው የምታየው።

«እስኪ ክፈች፣» አላት፤ ከቦርሳው መንቀያውን እያወጣ። «አትፍሪ። ልየው ብቻ።»

እህቴ ከንፈሮቿን ገጠመች።

«ክፈች እንጂ፣ ቆንጆ።»

አልከፈተችም። እጆቿ ጎንና ጎኗ ላይ ናቸው። አገጯ አልተኮማተረም፤ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሰው አገጭ። አንድም ነገር በጉልበት አልያዘችም። ዝም ብላ አፏን ዘግታ ቆማለች፤ እስከ ማታ ብትቆም የምትችል ትመስል ነበር።

ሰውየው ወደ እናቴ ዞረ። «አፏን ዘጋችብኝ እኮ።»

«አዎ፣» አለች እናቴ። ቀጥሎ ሳቀች፤ የወርቅ ጥርሷ ታየ። «አየህ? ዘጋችው! ዘጋችው እኮ ልጄ!»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«ምንም። ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ አድክሜሃለሁ። ምሳ ብላና ትሄዳለህ።»

ሰውየው እህቴን ደግሞ አያት፤ ትከሻውን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ አጨዳ ነው፣ የሚነቀል ጥርስ በየመንገዱ ሞልቷል። «ኸላስ፣» አለ፤ በቃ ማለቱ ነው። «ምሳው ይቆየኝ። ሰው ይጠብቀኛል።» መንቀያውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ጀላቢያውን አራግፎ ተነሣ፤ ለእናቴ እጅ ነሥቶ፣ በእኔ አጠገብ አልፎ ወጣ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።